ሳይጣሉ የታረቁት ባልና ሚስት

ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ከአንበጣ ይከፋል። ቆይ፣ አትቆጡ፣ ላስረዳ። አንበጣ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ግን ይመጣል፣ ይበላል፣ ከዚያ እግሩን አነባብሮ ያወራል። አንበጣ ሲመጣ ቆርቆሮ እየደበደባችሁ ታባርሩታላችሁ። ተመላሹ የአክስታችሁ ባል የሆነ እንደሆነ ግን ቆርቆሮ አይደበደብም፤ ወንበር ይሳብለታል፣ ወተት ይቀዳለታል፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይባልለታል። እኔ ከመስከረም ወዲህ "እሺ፣ ከዚያስ?" ያልኩትን ያህል የማባዣ ሠንጠረዥ ብደግም ኖሮ ዛሬ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ።

ሰውየው ጋሼ ነገሪ ይባላል፤ የአዳዳ ሲዲሴ ባል ነው። አዳዳ ማለት በእኛ በነቀምት የአባት እህት ማለት ነው፤ ይህን የምገልጸው ከሸዋ ተዛውራችሁ ለመጣችሁ ነው፣ ሌሎቻችሁ እለፉት። ጋሼ ነገሪ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። መንግሥት ለኮርስ ዛምቢያ ሰደደው፤ አዳዳም ተከትላው ሄደች። ኮርሱ ሲያልቅ እንደ ሰው በአውሮፕላን ተሳፍረው በመመለስ ፈንታ፣ ጀርባቸው ላይ የሸራ ከረጢት አዝለው፣ የአፍሪካን ደቡብ በእግርና በለመኑት መኪና ሲዞሩ ከረሙ። ዛምቢያን አዳረሱ፣ ማላዊን አዳረሱ፣ ቦትስዋና በረሃ ውስጥ ድንኳን ተክለው አደሩ። ከዚያ ነቀምት ገቡ፤ መከራችንም አብሯቸው ገባ።

በጋሼ ወሬ ውስጥ ነገር ሁሉ ያድጋል። ያ የታወቀው ፏፏቴ፣ ነጮች የንግሥታቸውን ስም የለጠፉበት፣ በየእሑዱ ጥቂት ክንድ ሲጨምር እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ። ዝሆኑም እንዲሁ። በመስከረም ዝሆኑ ከወንዝ ማዶ ነበር። በኅዳር ወንዙን ተሻገረ። ለገና የድንኳኑ በር ላይ ደርሶ ከጋሼ ጋር ተፋጠጠና፣ አፍሮ የተመለሰው ዝሆኑ ሆነ። አዳዳ ይህ ሁሉ ሲወራ ከጎኑ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። አንድም ቀን እውነት ነው አላለችም፣ አንድም ቀን ውሸት ነው አላለችም። ክሯን ብቻ ትስባለች።

ታዲያ በጥር፣ የፈተናው ዕረፍት ሲመጣ፣ ጋሼ አዲስ ሐሳብ ይዞብን መጣ። የወለጋ ሰው አገሩን አያውቅም አለ። ቦትስዋናን በእግሩ ያወቀ ሰው አርጆን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ቢያይ ነውር ነው አለ። ስለዚህ እሱና አዳዳ እነዚያኑ ከረጢቶች አዝለው፣ ከነቀምት እስከ አርጆ፣ ሲያሻቸው በእግር፣ ሲያሻቸው በተገኘው መኪና ሊሄዱ ነው። አርጆ የአዳዳ አባት፣ ማለትም የእኔ አያት፣ አገር ነው። አባቴ በለሰለሰ ድምፅ፣ ወደ አርጆ እኮ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ አለ አለው። ጋሼም አውቶቡስ ያደርሳል እንጂ አያሳይም ብሎ መለሰለት። እናቴ ግን በለሰለሰ ድምፅ መናገር አታውቅበትም።

"የአስተማሪ ሚስት ጓዝ አዝላ በአደባባይ?" አለች። "አህያው የት ሄዶ ነው?"

እኔ የተጨመርኩት በሁለት ምክንያት ነው። ጋሼ የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋል፤ ቤታችን ደግሞ ከእኔ አፍ ትንሽ ማረፍ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ከረጢቶቹን ላሳያችሁ። የጋሼ ረጅም ነው፤ የብረት ዘንግ አለው፣ ከራሱ በላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ሲታይ ሰውየው ጭስ ማውጫ ያበቀለ ይመስላል። የአዳዳ አጭርና ድፍን ነው። የሚያሽገውም የሚያከፋፍለውም ጋሼ ነው። "ረጅሙን እኔ ልያዘው፣ አንቺ አጭሩን ያዢ" ሲል ድምፁ ውስጥ ትልቅ የባልነት ርኅራኄ አለ። ኮፍያ ደፍቷል፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ቁምጣ ለብሷል። በከተማችን በባኬ ጃማ ሰፈር በኩል ስናልፍ፣ የጉልበቱን ተራራና ሸለቆ ተማሪዎቹ ሁሉ ያለ ካርታ አጠኑት።

አካሄዳችን እንዲህ ነበር። አዳዳ ከፊት፣ እኔ ከጎኗ፣ ጋሼ ፎቶ እያነሳ ከኋላ። ከከተማው መውጫ ላይ ጎመን የምትሸጥ አንዲት ሴት አዳዳን አየቻት። ከረጢቱን አየች። የአዳዳን የወንድም ልጅ፣ እኔን፣ አየች። እየተንጠባጠበ የሚከተለውን ባል አየች። ከዚያ ጎመኗን ትታ ተነሳችና አዳዳን ጉንጭና ጉንጯን ስማ፣ በኦሮምኛ በርቺ አለቻት። ለጋሼ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም። ጋሼ ግን ደስ አለው፤ ሕዝባችን መንገደኛን እንዴት እንደሚያበረታታ ልብ በሉ አለን። እኔም ልብ አልኩ። የተበረታታው ማን እንደሆነና ማን እንዳልሆነ ነው ልብ ያልኩት።

ጥቂት እንደሄድን ቡና የጫነ የጭነት መኪና ቆመልን። ጋሼ፣ በማላዊ መኪና የሚቆመው በዚህ ዓይነት የእጅ ምልክት ነው እያለ አውራ ጣቱን ሲያሳየን ነበር፤ ሾፌሩ የቆመው ግን ለአዳዳ ነው። እሷንና እኔን ጋቢና አስገባን። ጋሼን ወደ ላይ፣ ወደ ጆንያዎቹ፣ በአገጩ አሳየው። አንድ ዳገት ላይ ማርሽ ለወጠና፣ አዳዳን ሳያያት፣ መትቶሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዳዳ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ሳቃችን ከልቅሶ የባሰ መስሎት እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

በአርጆ መንገድ ላይ ካለችው ከተማ፣ ከጌተማ፣ ስንደርስ ሾፌሩ ከእኛ ቀድሞ ወረደና ገበያው ዳር ዋርካ ሥር ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ሄደ። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነገራቸው። ከዚያ እኛን እዚያው ትቶ፣ መኪናውን አስነስቶ ወደ አርጆ ከነፈ። ሽማግሌዎቹም ተነሱ። ፊት ፊት የሚመጡት አባ ገመቹ የሚባሉ፣ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ምርኩዛቸው ከእሳቸው የሚረዝም ሰው ናቸው። ጋሼን አልፈው አዳዳ ፊት ቆሙና፣ "ኢንታላ ኮ፣ ማል ታቴ?" አሏት። ልጄ፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። አባታዊ በሆነ ድምፅ ስለተናገሩት እኔ ምንም ሳልሆን ሆዴ ባባ።

እንግዲህ ነገሩ እስካሁን ያልገባችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሚስት ጓዟን በጀርባዋ አድርጋ፣ የወንድሟን ልጅ ይዛ፣ ፊቷን ወደ አባቷ አገር ካዞረች ትዳሯን ጥላ ወጥታለች ማለት ነው። ባል ዕቃ ተሸክሞ ከኋላ ከተከተለ ደግሞ ተመለሽልኝ እያለ ነው ማለት ነው። ይህን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሽማግሌ ሽማግሌ አይደለም፤ ኃጢአቱም በእሱ ላይ ነው። የአፍሪካን ወንዞች ከነገባሮቻቸው የሚያውቀው ጋሼ፣ ይህችን የነቀምት ሕፃን ሁሉ የሚያውቃትን ነገር ረስቷት ነው ቤቱን ቆልፎ የወጣው።

ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ጸሎት ተደረገ። ጋሼ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ መታገሥ አልቻለም።

"አባባ፣ እኛ አልተጣላንም" አለ።

"ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው" አሉ አባ ገመቹ፣ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች።

ወደ አዳዳ ዞረው ጠየቋት፤ እሷም ምንም አላደረገኝም አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ገመናዋን አታወጣም፣ አሉ። ምንም አላደረገኝም ባለች ቁጥር የጋሼ በደል ሲከብድ አየሁት። ጋሼ ተነሥቶ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የምንጓዘው አገር ለማየት ነው ብሎ አስረዳ። አንደኛው ሽማግሌ አገሩ የት ሄዶ ነበር አሉት። ጋሼ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ትልቁን መድፍ አወጣ። እኔና ባለቤቴ እንዲሁ ከረጢት አዝለን ዛምቢያን፣ ማላዊን፣ ቦትስዋናን ዞረናል፤ በዚያ ሁሉ አገር አንድም ሰው ተጣልታችኋል ወይ ብሎ አልጠየቀንም አለ።

አባ ገመቹ ይህንን በጥሞና ሰሙ። አገሮቹ ምን ያህል እንደሚርቁ ጠየቁ፤ ጋሼም በደስታ ነገራቸው። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እስከዚያ ድረስ ሸሽታህ ነበር?" አሉት። "አንተም እስከዚያ ድረስ ተከተልካት? እንግዲያውስ ትወዳታለህ፤ ነገሩ ይታረቃል።"

ታረቁ። ምን ያድርጉ? ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ተመረቁ፣ ገንፎ በላን። ጋሼ እያፏጨ ከጌተማ ወጣ። ለተማሪዎቹ የሚያወራው ጥሩ ታሪክ እንዳገኘ ከፉጨቱ ያስታውቃል፤ አባ ገመቹም በሚቀጥለው እሑድ ምን ያህል እንደሚያድጉ ገመትኩ።

ሁለተኛው ዕርቅ ከጌተማ ወዲያ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ ነበር። እዚያ የያዙን ሴቶች ናቸው። እህል ለማስፈጨት ወረፋ የያዙ ሴቶች ከወንድ ሽማግሌ ይልቅ ጊዜ አላቸው፤ ጆሯቸውም የወፍጮ ጩኸት የለመደ ስለሆነ ምንም አያመልጠውም። አዳዳን ለብቻዋ አንድ ጥግ ወሰዷት፤ እኔም በሴትነቴ ተከተልኩ። ምንም አላደረገኝም ብትል አልለቀቋትም። በመጨረሻ፣ እንዲያው እንዲተዉዋት ብላ፣ ያንኮራፋል አለች። ሴቶቹ ይህ ጥፋት አይደለም፣ ወንድ ሁሉ ያንኮራፋል አሉ። እሺ፣ ወሬ ያበዛል አለች። አሁን ትንሽ ቀረቧት። ስናገር ያቋርጠኛል አለች። ይበልጥ ቀረቧት። አንዷ እጇን ያዘቻት። እኔ ደግሞ አዳዳን አየኋት፤ ፊቷ ላይ፣ ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ነገር ታየ። ጥፋት መናገር እንዲህ እንደሚያሳርፍ ለካ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራትም።

ከአዳዳ ጋር ከወፍጮው ወጣን። ጋሼ ፎቶ ላንሳሽ ቢላት እምቢ አለች። ምን ሆንሽ አላት። ምንም አለች፤ ይህኛው ምንም ግን ጌተማ ላይ ከተባለው ምንም ጋር ዘመድ አይደለም። ቀጥሎ ደግሞ በአንድ ድልድይ አጠገብ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ሊያስታርቋቸው ተቀመጡ። እዚህ ጋሼ ተናደደ። አልተጣላንም ስንል ለምን አትሰሙንም ብሎ ሲጮህ፣ አዳዳ በእርጋታ፣ አየህ፣ ስናገር የምታቋርጠኝ እንዲህ ነው አለችው። ሳቋርጥሽ ማን አየ አላት። አሁንም አቋረጥከኝ አለችው። ከብት አጠጪዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ ደግ ጊዜ ደረስን አሉ።

እኔ ይህን ሁሉ አየሁ፣ እናንተም ዳኙ። ጠዋት ከነቀምት ሲነሡ እንደ እርግብ የነበሩ ባልና ሚስት፣ በዕርቅ ብዛት ተጣሉ። ያደርንበት ቤት የአባቴ ወዳጅ ቤት ነበር፤ እዚያ አዳዳ ከሴቶቹ ጋር፣ ጋሼ ከከረጢቱ ጋር አደረ። በማግሥቱ አርጆ ስንገባ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአርጆን ገበያ የሚያስገባ ነበር። በዚያ ላይ ፀሐዩ... ተዉት።

አያቴ፣ አባቦ እንላቸዋለን፣ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ሾፌሩ ከትናንት ጀምሮ ወሬውን አድርሶ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግንቡን ተደግፈው ተደርድረዋል። አባቦ አዳዳን አቀፏት፣ እኔን ሳሙኝ፣ ሁለታችንንም፣ እሷን ካዘለችው ከረጢት ጋር፣ አስገቡን። ጋሼ ከኋላ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ደንብ ነው። ልጁ የተመለሰችበት አባት አማቹን ዝም ብሎ አያስገባም። አማቹ ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት በስሙ ጠርቶ ይናገራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሚስቱን ይወስዳል። ካልተናገረ ሚስቱ አባቷ ቤት ትቀመጣለች፤ እሱ ብቻውን ይመለሳል። ጋሼ ደግሞ ሰኞ ትምህርት ይጀምራል። ቁምጣ ለብሶ ከሚስቱ ጋር የወጣ አስተማሪ፣ ቁምጣ ለብሶ ብቻውን ነቀምት ቢገባ፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ክፍሉ ምን እንደሚል እናንተ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፤ ከሚሉት ውስጥ ናችሁና።

ለጋሼ ጎረቤት ማደሪያ ተሰጠው። እኔም አማላጅ ሆንኩ። በሕይወቴ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም። ጋሼ በአጥር ላይ ጠራኝና፣ "በሪቱ፣ እባክሽ እንዳልተጣላን ለአባትሽ አባት ንገሪያቸው" አለኝ። ጋሼ ለእኔ እባክሽ ሲል የመጀመሪያው ነው፤ ደግሞ አስደገምኩት። ገብቼ ለአዳዳ ነገርኳት። አዳዳ እግሯን በሞቀ ውሃ ነክራ፣ የእርጎ ዋንጫ ይዛ ተቀምጣለች።

"አልተጣላንም ይላል" አልኳት።

"እኔ ተጣልቻለሁ" አለች። "ጥፋቱን ይናገር።"

የትኛውን ጥፋት ብዬ ጠየቅኳት። እሱ ያውቃል አለች። ይህን ይዤ ወጣሁ። ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፎ የምር አሰበ፤ ግንባሩ ተኮማተረ። እስኪ አስቡት፤ ይህ ሰው በተሳሳተ መንገድ ወስዶን ስንጠፋ እንኳ የተሳሳተው ካርታው ነው የሚል ሰው ነው። በሕይወቱ ጥፋት ፈልጎ ስለማያውቅ የት እንደሚቀመጥም አያውቅም። የምታውቂ ከሆነ አንቺ ንገሪኝ አለኝ። እኔ የማውቃቸው ብዙ ነበሩ፤ ግን አማላጅ አይመርጥም።

በማግሥቱ ጠዋት ሸንጎው ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። አባቦ መካከል፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ፣ አዳዳ በረንዳው ላይ፣ ጋሼ ቆሞ። ሱሪ ለብሷል፤ ከጎረቤት የተዋሰው ነው፣ አጥሮታል። ጥፋትህን ተናገር ተባለ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ምናልባት በመንገድ ላይ ወደ ኋላ ቀርቼባት ይሆናል አለ። ሽማግሌዎቹ ይህ ጥፋት አይደለም፣ እግር ነው አሉ። ምናልባት ወሬ አብዝቼ ይሆናል አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ ይህስ ጥፋት ነው፣ ግን የበደለው እኛን ነው፣ እኛን ሌላ ቀን ይክሰናል አሉ። ጋሼ ወደ አዳዳ አየ። አዳዳ ወደ ጣራው አየች። እኔ እንኳ፣ ትናንት በአጥሩ ላይ የተዝናናሁት እኔ፣ ፈራሁ። ፊቷን አውቀዋለሁ፤ እየቀለደች አልነበረም። ጋሼ ካላገኘው ለሰኞ ትምህርት ወደ ነቀምት የምንመለሰው እኔና እሱ ብቻ ነን።

አባቦ የሁለቱን ዕቃ አምጡ አሉ። ይህም ደንብ ነው፤ የሚለያዩ ባልና ሚስት ጓዛቸውን በሽማግሌ ፊት ያስቀምጣሉ፤ ማን ምን ይዞ እንደወጣ ይታያል። የጋሼን ረጅም ከረጢት አንድ ሽማግሌ ሄደው ብድግ አደረጉት። ያሰቡትን ያህል ስላልከበዳቸው ወደ ኋላ ተንገዳገዱ፤ ጎረቤታቸው ባይዟቸው ኖሮ ተቀምጠው ነበር። ቀጥሎ የአዳዳን አጭሩን ከረጢት ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ከረጢቱ አልተነሣም። እጃቸው ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው እንደገና ያዙት። አሁንም አልተነሣም። ሌላው ሽማግሌ ተጨመሩ፤ ለሁለት እያቃሰቱ ጎተቱት እንጂ አላነሡትም።

ተሰብሳቢው ሁሉ ወደ ከረጢቱ ተጠጋ።

"ይፈታ" አሉ አባቦ።

የጋሼ ተፈታ። ብርድ ልብስ ወጣ፣ የስፖንጅ ፍራሽ ወጣ፣ ትርፍ ኮፍያ ወጣ። በቃ፤ ያ ሁሉ ቁመት አየርና ስፖንጅ ነው። የአዳዳ ተፈታ። የድንኳኑ ሸራ ከነብረት ካስማዎቹ ወጣ። ካስማ መምቻው መዶሻ ወጣ። የጋዝ ምድጃ፣ ድስት፣ የውሃ ጀሪካን፣ የታሸገ ሥጋ በቆርቆሮ ወጣ። ከሥር ደግሞ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ የጋሼ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ወጡ፤ ጠንካራ ልባስ ያላቸው፣ ወፍራም ወፍራሞቹ። ምናልባት መንገድ ላይ ያስፈልጉኛል ብሎ የያዛቸው ናቸው። ያዛቸው ልበል እንጂ...

"ረጅሙን እኮ የያዝኩት እኔ ነኝ" አለ ጋሼ። እንደ ክርክር አልነበረም። የምር ገርሞት ነው የተናገረው፤ ለራሱ ነው የተናገረው።

አዳዳ ከበረንዳው ሳትነሣ፣ ጮክ ሳትል ተናገረች።

"ከዛምቢያ ጀምሮ" አለች። "በዚያ ሁሉ አገር፣ አንድ ጊዜ ብታነሣው ብዬ ጠበቅኩ። ለማየት ብለህ፣ ወይም ስታቀብለኝ፣ ወይም ተሳስተህ። አንድ ጊዜ። የዝሆኑን ቁመት ክንድ በክንድ ታውቀዋለህ፤ ይህን ግን ከመሬት ብድግ አድርገህ አታውቅም።"

ጋሼ ተንበረከከ። እመኑኝ፣ ይህ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ታሪክ አዲስ ነገር ነው። መሬት ላይ የተዘረጉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መልሶ ወደ አጭሩ ከረጢት ከተታቸው። ማንም አላገዘውም። ማሰሪያውን በትከሻው አስገብቶ ሊነሣ ሞከረና መልሶ በጉልበቱ ተቀመጠ። እንደገና ሞከረ። ሲነሣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር፤ ከረጢቱ ወደ ኋላ እየጎተተው እንደ ሰካራም ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆሞ ወደ አዳዳ ዞረና፣ "ጥፋቴ ይህ ነው" አለ። "አላነሣሁትም። ከባድ ይሆናል ብዬም አላሰብኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ለአንድ አፍታ አሳዘነኝ። አፍታዋ ግን አጭር ነበረች።

አባቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋገሩና ፍርዱን ሰጡ። ጋሼ ሚስቱን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱንም ከረጢት ግን የሚሸከመው እሱ ነው፤ እስከ ቤቱ ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእግሩ። መኪና ቢቆምለትም አይሳፈርም። አዳዳ የምትይዘው ነገር ቢኖር አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው። ጋሼ ፍርዱን ተቀበለ። አዳዳ ግን ተቀበልኩም አልተቀበልኩም አላለችም፤ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። እኔ ካሜራውን ተሸከምኩ። ፎቶ ማንሣት አልተከለከልኩምና አነሣሁ፤ ያነሣሁትን ማየት የምትፈልጉ ከትምህርት በኋላ እኔ ጋ ኑ።

መልሱ መንገድ ላይ ጋሼ አንድ በፊት፣ አንድ በኋላ አድርጎ፣ ጨው እንደጫነ አህያ በሁለት ወገን አብጦ ይሄዳል። ወሬ የለም። ቦትስዋና የለም። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ሲደክመው ያርፋል፤ አዳዳም ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቀዋለች፤ አላጣደፈችውም፣ አላጽናናችውምም። ድልድዩ ጋ ከብት አጠጪዎቹ አዩን፤ እጅ ነሥተው አሳለፉን። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሴቶቹ አዩን፤ ለአዳዳ እልል አሉላት። ሲመጡ በየደረሱበት ያስቆሟቸው ሰዎች አሁን አንድም አላስቆማቸውም። ባል ተሸክሞ፣ ሚስት ጃንጥላ ይዛ ስትሄድ ያየ የወለጋ ሰው፣ ይህ የሰመረ ትዳር ነው ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ጌተማ ስንደርስ አባ ገመቹ ዋርካው ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከሩቅ አይተው ፈገግ አሉ። ጋሼ ፊታቸው ደርሶ ቆመ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"እንግዲህ ታረቃችሁ?" አሉት።

በሄድንበት ሁሉ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ቆሞም ተቀምጦም አልተጣላንም ሲል የከረመው ጋሼ፣ አሁን ትንፋሹን ሰብስቦ፣ "አዎ አባ ገመቹ፣ ተጣልተን ነበር፣ ታርቀናል" አለ።

አዳዳ ጃንጥላዋን አጠፈች።

"እኔ ገና እያሰብኩበት ነው" አለች።

አባ ገመቹ ይህን ሲሰሙ ድንጋያቸው ላይ ጠጋ ብለው ለአዳዳ ቦታ ለቀቁላት፤ ለእኔም ለቀቁልኝ። ሰው ልከው ሌሎቹን ሽማግሌዎች አስጠሩ። ጋሼ ግን ቆመ። ከረጢቶቹን አውርድ ያለው ሰው አልነበረም።